ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ኪሎሜትሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ መስመር ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ – ዋሽንግተን። ቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። «ደለስ» የምንለው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የቴክሳሱ ዳላስ ሌላ ከተማ ነው። ሁለቱ በአነጋገር ስለሚቀራረቡ ትኬት ሲያስቆርጡ ስሙን ብቻ ሳይሆን ኮዱን ጭምር ይዩ፤ የደለስ ኮድ «አይ ኤ ዲ» ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት ስንት ነው? ኢንተርኔት ላይ አንዱ 11,560፣ ሌላው 7,180፣ ሦስተኛው 6,240 ይላል። የቱን ልመን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሦስቱንም ይመኑ። የተለያየው መለኪያው እንጂ ርቀቱ አይደለም። 11,560 በኪሎሜትር ነው። 7,180 አሜሪካኖች መንገድ በሚለኩበት ማይል ሲሆን አንዱ ማይል 1.609 ኪሎሜትር ነው። 6,240 ደግሞ አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎሜትር ይሆናል። ቁጥር ብቻውን ተጽፎ ሲያገኙ መለኪያውን ሳያረጋግጡ አይያዙት።

ቁጥሩ የሚለካው መሬት ድቡልቡል መሆኗ ታስቦ ነው። ቤት ውስጥ ሉል ካለ ይሞክሩት። ክር ወስደው አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይያዙና ወጥረው ይሳቡት። ክሩ መጀመሪያ የሚያመራው ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ሱዳንን አቋርጦ የሊቢያን በረሃ ይገባል፤ የቱኒዝያን ጫፍ ታክኮ በአልጄሪያ በኩል ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ በመጨረሻም አትላንቲክን ይሻገራል። ውቅያኖሱ መሐል እስከ 45ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ድረስ ተጠግቶ ነው ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቀው።

ያንኑ በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢያሰምሩት መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ በኩል ይሄዳል፤ ዓይን «አጭሩ ይሄ ነው» ይላል። ሲሰላ ግን ወደ 12,080 ኪሎሜትር ይመጣል፤ ከክሩ በ500 ኪሎሜትር ይበልጣል። ጠፍጣፋ ካርታ ወደ ሰሜን በተጠጋ ቁጥር አገሩን እየለጠጠ ስለሚያሳይ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ 17 ሰዓት ገደማ ፈጀባት፤ ስትመለስ ግን 13 ሰዓት ነው የሚለው። መንገዱ ያው አይደለም እንዴ? በዚያ ላይ ስትመጣ መንገድ ላይ ቆመው ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ዘመናዊ አውሮፕላን ይህን ርቀት በአንድ ትንፋሽ መብረር አይችልም? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አውሮፕላኑ ይችላል፤ ችግሩ መነሻው ቦሌ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ነፋሱ።

ከ9 እስከ 12 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በሰሜኑ ዓለም የብርድ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ግድም፣ ይበረታል፤ አትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ180 ኪሎሜትር በላይ መንፈሱ ብርቅ አይደለም። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን ይህን ነፋስ በግንባሩ ይቀበላል፤ የሚመለሰው በጀርባው ይገፋበታል።

በቁጥር እንየው። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎሜትር ይሄዳል እንበል። የሚሸፍነው መንገድ ከነዙሩ 12,000 ኪሎሜትር ይሁን። ነፋሱ በመንገዱ ሁሉ ሲደማመር በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ቢሆን፣ ሲሄድ መሬት ላይ የሚያስመዘግበው ፍጥነት 840 ሲሆን፣ ሲመለስ 960 ይሆናል። መሄጃው 14 ሰዓት ከ17 ደቂቃ፣ መመለሻው 12 ሰዓት ተኩል። በነፋስ ብቻ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት መጣ። በሁለቱም ላይ ለመንደርደሪያ ጉዞ፣ ለመውጣትና ለመውረድ 40 ደቂቃ ያህል ይጨመር። ከፊት ለፊት ያለው ስክሪን የመሬት ፍጥነትን ስለሚያሳይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ሲሄዱ 780 ወይም 800 የሚለው ቁጥር ሲመለሱ 1,000ን አልፎ ይገኛል።

አሁን ወደ ቦሌ። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ግድም ላይ ነው። የደለስ ከፍታ 95 ሜትር ብቻ ነው። 20 ዲግሪ በሚሞቅ ቀን የቦሌ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሁለት ነገር ይደክማል፤ ክንፉ የሚሸከመው ይቀንሳል፣ ሞተሩም የሚገፋው ይቀንሳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ በሰዓት 290 ኪሎሜትር ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ ቦሌ ላይ ወደ 335 ሳይደርስ አይነሳም። ያንን ፍጥነት በደከመ ሞተር ለማግኘት ረጅም መንደርደር ያስፈልጋል። ከባዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፦ መነሳቱ መሐል ላይ ቢሰረዝ አውሮፕላኑ በቀረው አስፋልት መቆም አለበት። ፍጥነት በ16 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በ35 በመቶ ያድጋል፤ ጎማም የፍጥነት ገደብ አለው። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ አጭር የሚባል አይደለም፤ ከፍታውን ግን ሙሉ በሙሉ አያካክስም። ያለው መፍትሔ ክብደት መቀነስ ነው።

ከምን ይቀነስ? ቦይንግ 787-8ን እንውሰድ፤ በሰዓት ወደ 5 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። ለ13 ሰዓት 65 ቶን፣ ለ15 ሰዓት 75 ቶን። ልዩነቱ 10 ቶን ነው። አንድ ተሳፋሪ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢመዝን 10 ቶን ማለት 100 ሰው ማለት ነው። በዚህ ላይ መድረሻው ቢዘጋ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ፣ እዚያም ደርሶ በ450 ሜትር ከፍታ ላይ ለ30 ደቂቃ ለመዞር የሚበቃ ነዳጅ መያዝ ግዴታ ነው። መቶ ወንበር ባዶ አድርጎ ከመብረር ነዳጁን ቀንሶ መነሳትና መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል፤ እናትዎ የተቀመጡትም ለዚህ ነው። መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይበላል። 15ቱ ሰዓት 17 የሆነው እንዲህ ነው።

የ787-8 አምራች በወረቀት ላይ 13,500 ኪሎሜትር ይበራል ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን ያ ቁጥር የተሰላው በዝቅተኛ ማረፊያ፣ ያለ ነፋስ፣ በተወሰነ ጭነት ነው። ከደለስ ሲነሳ አየሩ ወፍራም፣ ነፋሱም ከጀርባ ስለሆነ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውም ጭኖ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል።

የመቆሚያው ምርጫም ስሌት አለው። በአየርላንዷ ደብሊን በኩል ቢዞሩ ጠቅላላው መንገድ ወደ 11,830 ኪሎሜትር ነው፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ብቻ። በቶጎዋ ሎሜ በኩል ከሆነ ወደ 12,750 ይደርሳል፤ 1,190 ኪሎሜትር ጭማሪ ማለት ነው። ሎሜ ግን ባሕር ዳር ስለሆነች አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ወደዚያ ሲሄድ የሚያጋጥመው ነፋስም ከሰሜኑ የደከመ ነው፤ በዚያ ላይ የምዕራብ አፍሪካ ተሳፋሪ ይገኝባታል። አየር መንገዱ መስመሩን በየወቅቱ ስለሚለዋውጥ ትኬትዎ ላይ ያለውን ይመልከቱ። አንድ ቃል ደግሞ ይጠንቀቁ፦ «ዳይሬክት» ማለት የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት እንጂ አይቆምም ማለት አይደለም። የማይቆመው «ኖንስቶፕ» ይባላል።

ጥያቄ፦ መሬት የምትዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ታዲያ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ራሱ ወደ እሱ እየመጣለት ቶሎ መድረስ አልነበረበትም? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አየሩም አብሮ ነው የሚዞረው። አዲስ አበባ አካባቢ ያለው መሬት በሰዓት 1,650 ኪሎሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ አየሩ ባይከተለው ኖሮ ገና በራችንን ስንከፍት 1,650 ኪሎሜትር የሚነፍስ አውሎ ነፋስ በወሰደን ነበር። የቆመ አውሮፕላንም ያን ፍጥነት ይዞ ነው የሚነሳው። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሳንቲም ወደ ላይ ብትወረውር እጅህ ላይ እንደሚመለስ ማለት ነው። መዞሯ ግን ጨርሶ ከነገሩ ውጭ አይደለም፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ሞቃት አየር ወደ ምሥራቅ አጣምማ ጄት ስትሪምን የምትፈጥረው እሷ ናት። ስለዚህ ውጤቱ ከገመትከው ተቃራኒው ነው።

ጥያቄ፦ በረራው በሱዳን በኩል ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ አሁን ስክሪኑ ላይ በቀይ ባሕር በኩል ሲዞር ይታያል። ምን ያህል ጊዜ ይጨምራል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 (በአውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 15 ቀን 2023) ከፈነዳ ወዲህ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሊቢያን ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹ ነበር። ከላይ የተናገርነው ክር ደግሞ የሚያልፈው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

ለግምት ያህል፣ አውሮፕላኑ በጅዳ ሰማይ ወጥቶ በካይሮ በኩል ቢዞር ጠቅላላው መንገድ 12,010 ኪሎሜትር ግድም ይሆናል፤ ጭማሪው 450። በሰዓት 900 ለሚሄድ አውሮፕላን ይህ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ነዳጁ 2 ቶን ተኩል። ትክክለኛው መስመር በየቀኑ የነፋሱና የሰማዩ ሁኔታ ታይቶ የሚወሰን ስለሆነ የዛሬው ከትናንቱ ቢለይ አይደነቁ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ትኬት «ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15፣ 00:30» ይላል። ሐሙስ ማታ ቦሌ ብናደርሰው እንደርሳለን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይደርሱም፤ ሐሙስ ማታ ሲሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል። ሰው በረራ ከሚያመልጠው ምክንያት አንዱ ይሄው ስለሆነ ትንሽ እናብራራው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ 24 ሰዓት ነው፤ ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 00:30 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው። የእኛ ሰው ግን ቀን የሚቆጥረው ከንጋት ስለሆነ ያ ሌሊት ገና ረቡዕ ሌሊት ነው የሚመስለው። ለአባትዎ «ሐሙስ» አይበሏቸው፤ «ለሐሙስ አጥቢያ፣ ረቡዕ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» ይበሏቸው። ዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስን ስለሚፈልግ ረቡዕ ጥር 6 ቀን ከምሽቱ 3:30 ቦሌ መሆን አለባችሁ። ከአዳማ መምጫውን በዚያ ላይ ደምሩ።

ለመቀየር 6 መቀነስ ነው፦ 22:30 ከምሽቱ 4:30 እንዲሆን መጀመሪያ 12 ከዚያ 6 ይቀነሳል፤ ከ6 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ይጨመራል። በስልክ ሲነጋገሩ «6:30» ብቻ መባባል አደገኛ ነው፤ ውጭ ያለው ልጅ 06:30 ማለቱ ይሆናል፣ ያ ደግሞ በእኛ ከጠዋቱ 12:30 ነው። «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» የሚለው ቃል አይቅር።

የጉዞውን እውነተኛ ርዝመት ከትኬት ላይ ለማውጣት ደግሞ የሁለቱን ከተሞች ልዩነት ይወቁ። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። ስለዚህ ዋሽንግተን ከእኛ በብርዱ ወራት 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ወደዚያ ሲሄዱ ልዩነቱን ይደምሩ፣ ሲመለሱ ይቀንሱ። ለምሳሌ በጥር ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ደለስ የሚገባ በረራ 9 ሰዓት ይመስላል፤ 8 ሲደመር 17 ነው። ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ቦሌ የሚገባው 21 ይመስላል፤ 8 ሲቀነስ 13። ይህ በር ከተዘጋበት በር እስከሚከፈትበት ያለው ጊዜ ነው፤ አየር ላይ የሚቆየው ከዚህ በግማሽ ሰዓት ያህል ያንሳል።

ጥያቄ፦ እናቴን ከጎንደር ወደ ሚኒያፖሊስ ልወስዳት ነው። በፍራንክፈርት በኩል የሚሄድ ርካሽ ትኬት አግኝቻለሁ፤ ሁለት ትኬት ተቆርጦ የሚገጣጠም ነው። በደለስ በኩል ከሆነ ደግሞ መቀየሪያው ጊዜ 1 ሰዓት ከ50 ነው። የቱ ይሻላል? እንግሊዝኛ አትችልም። (አንባቢ፣ ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳሉ አይውሰዷቸው።

የተገጣጠመ ትኬት ላይ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም፤ ትኬቱ ሊቃጠል ይችላል። ሻንጣም እስከ መጨረሻው ላይሄድ ስለሚችል መሐል ላይ ወጥቶ መቀበል ይመጣል፤ ያ ደግሞ ጀርመን ለመግባት ቪዛ ይጠይቃል። ባትወጣም ጉዳይ አለ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (ጀርመንን ጨምሮ የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ነው። የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። እናትዎ ቪዛቸው ፓስፖርቱ ላይ ከተመታ በዚህ በኩል አይቸገሩም፤ በሁለት ትኬት መሄዱን ግን አንመክርም።

የደለሱ 1 ሰዓት ከ50 ደግሞ አይበቃም። አሜሪካ ሲገባ ኢሚግሬሽን የሚታለፈው መጀመሪያ በሚረግጡት ኤርፖርት ነው፤ የመጨረሻ መድረሻው ሚኒያፖሊስ ቢሆንም። ሻንጣው እስከ ሚኒያፖሊስ ታግ ቢደረግም ደለስ ላይ ከቀበቶው ተነስቶ በጉምሩክ አልፎ እንደገና መሰጠት አለበት፤ ከዚያ የጥበቃ ፍተሻ እንደ አዲስ። ጠዋት ብዙ አውሮፕላን አንድ ላይ ሲገባ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ብቻውን ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ሦስት ሰዓት ዝቅተኛው፣ አራት የተሻለ ነው። የሚቀጥለው በረራ ከደለስ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ርካሽ ትኬት በደለስ አስገብቶ ከተማው አጠገብ ካለው ከሬገን ኤርፖርት ያስነሳል፤ በመሐሉ 40 ኪሎሜትር ያህል መንገድ አለ።

ለቋንቋው መፍትሔው ዊልቸር ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ይዘዙት፣ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ደውለው ያረጋግጡ። መራመድ ቢችሉም ነውር የለውም። ረዳቱ ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ በኢሚግሬሽን፣ በሻንጣና በፍተሻ አሳልፎ እስከ ቀጣዩ በር ያደርሳቸዋል። የሚኖሩበትን አድራሻ፣ የእርስዎን ስልክና የበረራ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ በትልቁ ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ያስይዟቸው፤ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት በዚያ ሰዓት አይገኝም። ጾም ላይ ከሆኑ የቪጋን ምግብ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድሞ መታዘዝ አለበት፤ ኮዱ «ቪ ጂ ኤም ኤል» ነው። በተገጣጠመ ትኬት ግን ለእያንዳንዱ አየር መንገድ ለየብቻ ነው የሚታዘዘው።

ጥያቄ፦ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው ዱባይ ነው ቴል አቪቭ? (አንባቢ፣ ከነታንያ)

መልስ፦ ዱባይ፣ በጥቂቱ። ዱባይ ወደ 2,520፣ ቴል አቪቭ ወደ 2,590 ኪሎሜትር ነው፤ ሁለቱም በአየር አራት ሰዓት ገደማ ናቸው፣ መስመር ሲዞር ይረዝማሉ። ዱባይ ሁልጊዜ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤል በበጋ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ጀምሮ እስከ ማርች መጨረሻ ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በእነዚያ ቀናት አካባቢ የሚበሩ ከሆነ የስልክዎን ሰዓት ሳይሆን ትኬቱን ይመኑ።